በጓሮ ኩሬ አጠገብ ስለሚዘረጉ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሮች

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወስደው መንገድ በመንገደኛ እንደሚሞላ የማያውቅ የለም። ዓመቱን ሙሉ በሥራ ርቆ የቆየው ሁሉ በዚያ ሰሞን ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አይገባም። ቀድሞ ስጦታው ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ነጠላ ነበረ። ዛሬ ግን ለወላጆቹ ግቢ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የፕላስቲክ ቧንቧና ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ ጭኖ የሚመጣውም ጥቂት አይደለም። ስጦታውስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዓሉ ሳይገባ ይለቅ ተብሎ፣ መሬቱ ከክረምቱ ዝናብ ሳይደርቅ፣ በሁለት ቀን ጥድፊያ የሚፈጸም ሥራ ስለሆነ ያሳስበናል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በወልቂጤ ከተማ በአንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ግቢ ያየነው ነገር ነው። ከቤቱ በስተ ጀርባ፣ እንሰቱ ከሚጀምርበት ስፍራ፣ አንድ ኩሬ ተቆፍሮ ጥቁር ፕላስቲክ ተነጥፎበታል። የክረምቱ ውኃ ሞልቶታል፤ የቤቱ ታላቅ ልጅም ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ሊያረባበት አስቧል። ከሳሎኑ መስኮት የወጣ ቀጭን ገመድ በልብስ ማስጫው ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ኩሬው አፋፍ ይደርሳል፤ በዚያም ከሞተሩ ገመድ ጋር በፕላስተር ተጠምጥሞ ዝናብ እንዳይነካው ቁራጭ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል። ከአጠገቡ ከከተማው ቧንቧ የመጣ የውኃ ጎማ ጫፉ በኩሬው ውስጥ ተነክሮ ተኝቷል። ሁለት ሕፃናት በአፋፉ ላይ ይሯሯጡ ነበር። ባለቤቱ ሥራውን ሊያሳዩን በደስታ ነበር የወሰዱን፤ እኛም ደስታቸውን ላለማደብዘዝ ጥቂት ዝም ካልን በኋላ በመጨረሻው ያየነውን ነገርናቸው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ማንም እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ውኃ ባቆረ ጉድጓድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚጨምር ሰው ኃላፊነቱ ከዚህ አያንስም።

ኩሬ መቆፈሩን የምንነቅፍ አይደለንም። ወልቂጤ የውኃ ነገር የጠናባት ከተማ ናት፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሕዝቡ የመጠጥ ውኃ አጣን ብሎ አደባባይ በወጣ ጊዜ የሰው ሕይወት እስከ ማለፍ መድረሱ አይዘነጋም። በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የምትገኘው፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራም የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ በመሆኑ በአካባቢዋ በእጅ የተቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም ውኃ በሞተር እየተሳበ ጓሮ ይጠጣበታል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ግድም ደግሞ በብዙ የአገራችን ክፍል የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬ በየጓሮው እንዲቆፈር ሰፊ ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ ግን ውኃው የሚቀዳው ባብዛኛው በባልዲ ነበርና ኮረንቲ በነገሩ አልገባም።

አሁን ስለ ኮረንቲው እንናገር። በአገራችን ለቤት የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ደረቅ እጅ ኮረንቲን በመጠኑ ይቋቋማል፤ እጁ የረጠበና በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ የቆመ ሰው ግን መከላከያው እጅግ ይቀንሳል። በሰውነት ውስጥ 10 ሚሊ አምፔር ያህል ቢያልፍ ጡንቻው ይጨብጥና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። 30 ሚሊ አምፔርና ከዚያ በላይ ጥቂት ከቆየ ትንፋሽን ያውካል፤ የልብንም አመታት ሊያዛባ ይችላል። የወልቂጤው ባለቤት ይህን ስንነግራቸው፣ «ብሬከር አለን እኮ፤ ችግር ሲመጣ ራሱ ይዘጋል» አሉን። ይህ በብዙ ቤት የሚሰማ አሳብ ነው፤ ስሕተትም ነው። አንድ አምፔር ማለት አንድ ሺሕ ሚሊ አምፔር ነው። ከቆጣሪው በታች ያለው ተራ ብሬከር 10 ወይም 16 አምፔር ተጽፎበት ይገኛል፤ 16 አምፔር ደግሞ ሰውን ሊገድል ከሚበቃው ከ30 ሚሊ አምፔር ከ500 እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ሰው በኩሬው አፋፍ ተይዞ ሲሞት ብሬከሩ ምንም አልሆነም ብሎ ኮረንቲውን መላኩን ይቀጥላል። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ መሣሪያ ነው፤ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው አርሲዲ ወይም አርሲሲቢ ይሉታል። ሥራው ሒሳብ እንደሚቆጣጠር ገንዘብ ያዥ ነው፤ በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ሽቦ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ያያል። ከሄደው ጎድሎ ከተመለሰ፣ ጎደሎው በሰው አካል ወይም በረጠበ መሬት በኩል አምልጧል ማለት ስለሆነ፣ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ መስመሩን ይቆርጣል። ለኩሬ የሚገዛው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት መሆን አለበት፤ 300 የተጻፈበት ለእሳት አደጋ መከላከያ እንጂ ለሰው አይበቃም። በፊቱ «ቲ» የተጻፈባት መፈተኛ ቁልፍ አለች። ቁልፏን ሲጫኑ መስመሩ ካልተቋረጠ መሣሪያው ስለማያገለግል ወዲያው ይለወጥ። በየወሩ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የሚካኤል ዕለት በ12፣ ይህን መፈተን ልማድ ያደረገ ቤተ ሰብ አይረሳውም።

ይህም ሆኖ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። የሞተሩ የብረት አካል ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት፤ በአሮጌ ቤቶች ግን ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ የመሬት ሽቦም ጨርሶ ያልተዘረጋለት ሆኖ ይገኛል። የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት የመዳብ ዘንግ ርጥበት በማይለየው ስፍራ በጥልቀት ይመታል፤ በበጋ መሬት ሲደርቅ የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ፍተሻው በመጋቢት ቢሆን ይመረጣል። ሶኬትና ማብሪያም ከውኃው ይራቁ። ለመዋኛ ገንዳዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ከውኃው ጠርዝ እስከ 2 ሜትር ያለውን ስፍራ አንደኛ የአደጋ ክልል፣ ቀጥሎ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ሁለተኛ ክልል ይለዋል። ለጓሮ ኩሬም ይህን ልክ ብንጠብቅ ሶኬቱ ቢያንስ 3 ሜትር ተኩል ርቆ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከሕፃን ቁመት በላይ ይሆናል። ማታ ኩሬውን በብርሃን ማስጌጥ የሚወድ ሰው 12 ቮልት የሆነ መብራት ይግዛ፤ ኮረንቲውን የሚቀንሰው ትራንስፎርመርም ከዚህ ክልል ውጭ ይቀመጥ። ሞተሩን በራሱ ገመድ አንጠልጥሎ ወደ ውኃ ማውረድ ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከም የናይሎን ገመድ ለብቻው ይታሰርለት።

ገመዱ መቀበር እንደሚገባው ስንናገር የቤቱ አሮጊት እናት ጣልቃ ገብተው፣ «ልጆቼ፣ ገመዱ መሬት ውስጥ ከገባ እኔ እንሰቴን የት ላዛውር ነው?» አሉን። እውነቱን ለመናገር እኛ ይህን አላሰብነውም ነበር። እንሰት እንደ ሌላው ተክል አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚቀር አይደለም፤ ከችግኝነቱ ጀምሮ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል፤ በየጊዜውም መሬቱ በጥልቀት ይቆፈራል። ቆጮው የሚቀመጥበት ጉድጓድም የሚማሰው በዚያው በጓሮው ነው። ባዕድ አገር የተጻፈ መመሪያ ሣር ብቻ ያለበትን ጓሮ እያሰበ ስለሚናገር ይህን አያውቅም። ስለዚህ በጉራጌ ጓሮ የኤሌክትሪክ መስመር እንሰቱን ሰንጥቆ ማለፍ የለበትም፤ በአጥሩ ሥር ዞሮ፣ መንገዱ ቢረዝም እንኳ፣ ማንም በማይቆፍርበት በኩል ይሂድ።

ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ከሥሩ ድንጋይ የሌለው አሸዋ ይነጠፍ፤ ለመሬት ውስጥ የተሠራው ገመድ በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ሳይቀጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘርጋ፤ እንደገና አሸዋ፣ በላዩም ጡብ ይደርደር፤ ከጡቡ በላይ አፈር ከገባ በኋላ ቀለሙ የሚታይ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይነጠፍና ይሞላ። ወደፊት ዶማ የያዘ ሰው አስቀድሞ ጥብጣቡን፣ ቀጥሎም ጡቡን ስለሚያገኝ ገመዱ ሳይደርስ ይነቃል። የውኃው ቧንቧ በዚያው ቦይ አብሮ አይቀበር፤ ቢቻል ሌላ ቦይ ይቆፈርለት፤ መሻገር ግድ ከሆነም በመስቀልያ አቋርጦ ይለፍ። ቧንቧው የፈነዳ ዕለት ጠጋኙ በጭቃ ውስጥ ዶማ የሚያነሣው ከገመዱ አጠገብ መሆን የለበትምና።

ስለ ውኃው መስመር የምንናገረው ከኤሌክትሪኩ ያነሰ ቢመስልም በዝምታ ብዙ ቤት የሚጎዳው ይህ ነው። በወልቂጤም ሆነ በሌሎች ከተሞች ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፣ በተቋረጠ ጊዜ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። በዝቅተኛው ሰፈር ያለ ሰው ቧንቧውን ሲከፍት በመስመሩ የቀረው ውኃ ወደ ታች እየወረደ ከበስተ ኋላው ያለውን ይስባል። በዚያ ሰዓት የጎማው ጫፍ በኩሬ ውስጥ ተነክሮ ከሆነ የኩሬው ውኃ፣ ዝቃጩና የዓሣው ኩስ ሳይቀር፣ ወደ መጠጥ ውኃው መስመር ይገባል፤ ጎረቤትም ያንኑ ይቀዳል። እኛ ራሳችን በግቢያችን ጎማውን በበርሜል ነክረን ትተን መሄድ ልማዳችን ነበር። ውኃ ተቋርጦ በተመለሰ በአንድ ማለዳ ከማድ ቤቱ ቧንቧ የመጀመሪያው ኩባያ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባን። መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም፤ የጎማው ወይም የቧንቧው አፍ ኩሬው እስከ አፉ ሲሞላ ከሚደርስበት ልክ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ውኃው በአየር ላይ ወርዶ ይግባ። መላሽ ቫልቭ ቢጨመር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቆሻሻ ሲይዘው ስለማይዘጋ በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። በሞተር ከኩሬ የሚሳበው መስመርም ከከተማው ውኃ ጋር፣ ወይም የመጠጥ ውኃ ከተጠራቀመበት ሮቶ ጋር፣ በምንም ዓይነት አይገናኝ።

በዚህ አጋጣሚ ሰንበት ትምህርት ቤት ለሚያገለግሉ ወጣቶች አንድ ነገር እናስታውሳለን። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ባደሩበት ስፍራ መብራትና ድምፅ ማጉያ ይዘረጋል፤ ወንዝ በሌለበትም ገንዳው በቧንቧና በሞተር ይሞላል። በማግስቱ ሕዝቡ ጠበሉን ሲረጭ ልብሱም መሬቱም ይረጥባል። ስለዚህ ገንዳውን የሞላው ሞተር ከጸሎቱ በፊት ከውኃ ወጥቶ ገመዱ ይነቀል፤ የድምፅ ማጉያው መስመርም ሰው በሚረግጥበት መሬት ላይ አይጎተት፤ ከላይ እንደ ተናገርነው ያለ መሣሪያም ይግባለት።

ስለ መስጠም ብዙ አንናገርም፤ ሕፃን የማይዘለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ የማያንስ አጥርና ራሱ የሚዘጋ በር ያስፈልጋል። ስለ ወባ ትንኝም ቆሮሶው ራሱ እጩን እየለቀመ ስለሚበላ ዓሣ ያለበት ኩሬ ባዶ ከሆነው ይሻላል።

ሰው በኮረንቲ ቢያዝ ግን ልብ ይደንግጣልና አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው፤ በውኃ ውስጥ የወደቀ ቢሆን ደግሞ ዘሎ መግባት ከዚያ የባሰ ነው። ዋናው ማጥፊያ መጀመሪያ ይዘጋ፤ የት እንዳለ ከቤት ሠራተኛዋ ጀምሮ ሁሉም ይወቅ። መዝጋት ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ገመዱን መግፋት ነው። የተያዘው ሰው ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝቶ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ያህል አጥብቆ መጫንና እርዳታ እስኪመጣ አለማቋረጥ ይገባል። ደኅና የመሰለውም ቢሆን የልቡ አመታት በሐኪም መታየት አለበት።

ወደ ወልቂጤው ግቢ በጥቅምት መጨረሻ ተመልሰን ነበር። በልብስ ማስጫው ላይ የነበረው ገመድ ወርዷል፤ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ መጥቶ አዲሱን መስመር በአጥሩ ሥር አዙሮ ቀብሮታል። ባለቤቱ ከቆጣሪው ሳጥን ክዳን በስተ ውስጥ የመስመሩን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል በእርሳስ ሥለው ለጥፈዋል፤ እናታቸውም ሥዕሉን አይተው የእንሰቱን አዲስ ስፍራ በራሳቸው እጅ በችካል ምልክት አድርገውበታል። የአጥሩ በር ገና አናጢ ዘንድ ነበር። ዓሣውም እስኪመጣ ድረስ አልገባም፤ ሕፃናቱ በየቀኑ መቼ እንደሚገባ ይጠይቃሉ።