«ሱፍ ራሱ ይሞቃል» እና ሌሎች የጓንት ተረቶች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው ብርዱ የሚቀበለው አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቀን በሸሚዝ ታስኬዳለች፤ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 አካባቢ። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከጎንደር ፒያሳ ተነስቶ ጨነቅ ድንኳን የሚተክል ሰው ዘጠኝ አሥር ዲግሪ ወደ ኋላው ጥሎ ነው የሚሄደው። ነፋሱን ሳንቆጥር ማለት ነው።

እዚያ፣ በፓርኩ መንገድ ዳር፣ ልጆች ከበግ ፀጉር የተሠራ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ለእንግዳ ይሸጣሉ። ለራስ የተገኘው ጥበብ ግን ለእጅ ብዙም አልተረፈም። ደገኛ እጁ ሲበርደው ጋቢው ውስጥ ይሸጉጠዋል፣ ዘዴውም አባት ያወረሰው ነውና ማንም አይነቅፈውም። ችግሩ እርፍና ጅራፍ የያዘ ገበሬ፣ ጠመንጃ ያነገተ የፓርክ ስካውት፣ ጎንደር ውስጥ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የባጃጅ መሪ የጨበጠ ወጣት እጁን የትም መሸጎጥ አለመቻሉ ነው። ለእነዚህ በእጅ የተሠራ የሹራብ ጓንትን የሚያክል የለም። ስለ ጓንት የሚወራው ግን ግማሹ ተረት ነው።

«ብርዱ የክረምት ነው»

ክረምት እጅ ያረጥባል እንጂ ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ማታ ስትመልስ ደመናው ያስቀረዋል። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ነገሩ ገብቶታል። በእነዚህ ወራት የሰሜን ተራሮች ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። የከተራን ሌሊት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያደረ ሰውም ወይና ደጋ የምትባለው ጎንደር ጎህ ሲቀድ ምን እንደምትመስል ያውቃል። ስለዚህ ጓንት በነሐሴ ይጀመራል፤ በታኅሣሥ የጀመረ የሚያጠልቀው ለከርሞ ነው።

«ሱፍ ራሱ ይሞቃል»

ሙቀቱን የሚያመጣው ደም ነው። ጓንት ሥራው ያ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ማዘግየት ነው፣ ይህንንም የሚያደርገው በክሩ መካከል ታፍኖ የቆመው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በጣም በዝግታ ያሳልፋል፤ ውሃ ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ያሳልፋል። የበግ ፀጉር ብልጫው በተፈጥሮው የተጠማዘዘ መሆኑ ነው፤ ጨምቀው ሲለቁት ተመልሶ ያብጣል፣ አየሩንም አይለቅም። ጥጥ ደረቅ ሲሆን መልካም ነው፣ ሲረጥብ ግን ተኝቶ ይቀራል። ጋቢ ለብሶ ዝናብ የመታው ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ተረቱ ውስጥ ግን አንዲት ፍሬ እውነት አለች። ሱፍ ከአየር ላይ እርጥበት ሲመጥ በእርግጥ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ከክብደቱ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶም ሲዳስሱት ደረቅ ይመስላል። ሙቀቱ የሚቆየው እስኪጠግብ ድረስ ብቻ ስለሆነ ሌሊት ሙሉ አይታመኑበትም፤ ከደረቅ ቤት ወጥቶ ጉም ውስጥ ለሚገባ እረኛ ግን የመጀመሪያዋን ሰዓት ያቀልለታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውነት ሲበርደው ደሙን ወደ ውስጥ ሰብስቦ የእጅና የእግር የደም ሥሮችን ያጠባል። ደረቱ የበረደው ሰው የፈለገውን ጓንት ቢያጠልቅ ጣቱ አይሞቅም። ጓንት ተሠራ ተብሎ ጋቢ አይጣልም።

«ወፍራምና ጥብቅ ሲሆን ነው የሚሞቀው»

ወፍራሙ ይሁን፣ ጥብቁ ይቅር። ጠባብ ጓንት አየሩን ይጨፈልቃል፣ ደሙንም ያግዳል፤ ከዚያ ጣቱ ከበፊቱ ብሶበት ይደነዝዛል። ጣት በጓንቱ ውስጥ መታጠፍና መዘርጋት መቻል አለበት፣ ጫፉ ላይም ጥቂት ክፍት ቦታ ይተዋል። ሌላው የማይነገር ነገር፣ አምስት ጣት ያለው ጓንት ከሁሉም ያነሰ የሚያሞቀው መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ጣት ለብቻው በብርድ ይከበባል። አራቱን ጣት በአንድ ከረጢት አድርጎ አውራ ጣትን ለብቻ የሚያወጣው ዓይነት ጣቶቹን እርስ በርስ ያሟሙቃል። ለእረኛና ለዘበኛ እሱ ይበቃል፤ ቃታም ሆነ ስልክ የሚነካ ሰው ግን አምስቱን ይፈልጋል፣ ዋጋውንም ይችላል።

«መስመር መስመሩ ለጌጥ ነው»

የእጅ ሥራው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና ረጋ እንበል።

ሹራብ ውስጥ እያንዳንዱ ዓይን ሁለት መልክ አለው። አዲሱ ክር በአሮጌው ዓይን ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት ከተሳበ ለስላሳ ፊት ይወጣል፤ ከፊት ወደ ኋላ ከተሳበ ጉብ ያለ ግልባጭ ይወጣል። ሁሉንም በፊት ብቻ ከሠሩት ጨርቁ ልስልስ ይላል፣ ጠርዙ ግን ይጠቀለላል። ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልባጭ እያሉ፣ ፊቱን በፊት ላይ፣ ግልባጩን በግልባጭ ላይ እየደረቡ ሽቅብ ከሄዱ የፊቶቹ ዓምድ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የግልባጮቹ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ጨርቁም እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። ልብስ ሰፊዎች ሪብ የሚሉት ይህንን ነው።

መታጠፉ ነው ሥራ የሚሠራው። የተሰበሰበ ጨርቅ ይወፍራል፣ በሸንተረሮቹም መካከል አየር ይቆማል። ሲስቡት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይመለሳል፣ ስለዚህ ላስቲክ ሳይገባበት አንጓ ላይ ይይዛል። ነፋስ ወደ ጓንት የሚሾልከው በአንጓ በኩል ስለሆነ ያን በር መዝጋት ከሁሉም ይቀድማል። ዕዳው ክር ነው፤ ሪብ ከልስልሱ ሹራብ ይልቅ ክር ይበላል። ክር ለመቆጠብ ብሎ አንጓውን በሁለት ጣት ስፋት የሚጨርሰው ሰው ግን ቁጠባው አይገባኝም፤ ቢያንስ ስድስት ሰባት ሳንቲሜትር ይሁን፣ ከሹራቡ እጅጌ ሥር እንዲገባ።

ሪብ ሁሉ ደግሞ እኩል አይለጠጥም። ጎርበጥ ያለ ገጽ የሚሰጠው ዓይነት የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንዱ ዙር አንድ ፊት፣ አንድ ግልባጭ፤ ቀጣዩ ዙር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊት ብቻ። ከዚያ እንደገና። ግልባጩ በየሁለት ዙሩ ስለሚመጣ ጉብታው ተቆራርጦ ይሰለፋል፣ ጨርቁም ወፈር ብሎ ይተኛል። ለመዳፍና ለእጅ ጀርባ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እንደ ዋናው ሪብ ግን አይለጠጥም። ይለጠጣል ብሎ ዓይን የቀነሰ ሰው መጨረሻ ላይ የሕፃን ጓንት ይዞ ይቀራል። አንጓው በዋናው ሪብ፣ ከዚያ በላይ ያለው በጎርባጣው ቢሠራ ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ።

ልኩ አያስቸግርም። አውራ ጣትን ትቶ መዳፍን በጣቶች መነሻ ላይ በክር መለካት፣ ከዚያ በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ትንሽ ናሙና ሠርቶ 10 ሳንቲሜትር ላይ ያሉትን ዓይኖች መቁጠር። ናሙናው 22 ዓይን ቢሰጥና መዳፉ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን 44 ዓይን ይያዛል፤ ለአራት እኩል ስለሚካፈል ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልባጭ የሚለውም ሳይሰናከል ይዞራል። በአንጓው ላይ ቁጥሩን መቀነስ አያስፈልግም፣ ሪቡ ራሱ ይሰበስበዋል። መገጣጠሚያ ስፌት እንዳይኖር በአራት ወይም በአምስት ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ እየዞሩ መሥራት ነው። መርፌ ከታጣ የጃንጥላ ሽቦ ቆርጦ ጫፉን ድንጋይ ላይ ማለስለስ ያገለግላል፤ ቀጭን ስለሆነ ግን ወፍራም ክር ከሱ ጋር አይስማማም።

«የአገራችን ሱፍ ይኮሰኩሳል፣ ለጓንት አይሆንም»

እውነት ነው ይኮሰኩሳል። ከዚያ የሚወጣው ድምዳሜ ግን የተሳሳተ ነው።

በደጋው ያለው በግ፣ የሰሜኑም የፋርጣውም የመንዙም፣ አጭር ላት ያለው ዝርያ ነው፤ ፀጉሩም ሻካራና ለስላሳ የተቀላቀለበት ነው። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሚሸምኑት ባናና በርኖስ ከዚህ ዓይነት ፀጉር ነው የሚወጣው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካም የተነሳው የመንዝን በግ አይቶ ነው። ለመኝታና ለካባ የታመነ ፀጉር ለእጅ የሚታማበት ምክንያት የለም።

መኮስኮሱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው አለርጂ ነው ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ውፍረት ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ፀጉር ጫፉ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ቆዳ ሲነካ ይወጋል። የሚገርመው፣ ይህን ውጋት የሚሰማው ፀጉር የሚያበቅል ቆዳ ነው። የመዳፍና የጣት ውስጠኛ ቆዳ እምብዛም አይሰማውም። ማለትም አንገት ላይ የማይቻለው ሱፍ መዳፍ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል። የሚቀረው የእጅ ጀርባና አንጓ ነው፣ ለእሱም መላ አለው፦ አንጓውን በለስላሳ ክር መጀመር፣ ወይም ከውስጥ ስስ የጥጥ ገበር ማድረግ።

ፀጉሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከትከሻና ከጎን የሚሸለተው ይለሰልሳል፣ ከኋላ ጭን የሚመጣው ይሻክራል፤ የግልገል የመጀመሪያ ሽልት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሲፈተልም እንዝርቱን እንደ ጥጥ ማጥበቅ አይገባም። ላላ ያለ ክር አየር ይይዛል፣ ቆዳም አይቧጥጥም። በጣም ላልቶ እንዳይበጣጠስ ሁለት ክር አንድ ላይ ማክረር ነው።

«ገበያ ያለው የሹራብ ክር ሁሉ ሱፍ ነው»

ሻጩ ሱፍ ይለዋል፣ ገዢውም ሱፍ ብሎ ይከፍላል። ባለ ብዙ ቀለሙና ርካሹ ክር ግን አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ ከነዳጅ የሚሠራ። ክፋት የለውም፤ አይኮሰኩስም፣ ብል አይበላውም፣ ሲታጠብ አያስቸግርም። ማወቁ የሚጠቅመው በእሳት ጉዳይ ነው። ከክሩ አንዲት ጭራ ቆርጦ በመቆንጠጫ ይዞ ማቃጠል ይበቃል፦ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲያወጡት ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ እየተንጠባጠበ ይነድዳል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ያ የቀለጠ ነገር ጣት ላይ ሲጣበቅ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ምድጃ አጠገብ ለምትውል እናትና ሌሊቱን እሳት እየቆሰቆሰ ለሚያድር ዘበኛ የአክሪሊክ ጓንት አልመርጥም።

እግረ መንገዴን፣ የደነዘዘ እጅን ፍም ላይ መዘርጋትም ከዚሁ ወገን ነው። የደነዘዘ ጣት ቃጠሎ አይሰማውም፣ እስኪሰማው ቆዳው ይላጣል። ብብት ውስጥ ማስገባት ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር ይሻላል፣ ሳያሹ።

«ሹራብ የሴት ሥራ ነው፣ ያውም የፈረንጅ»

ይህን የሚለው ሰው ሰሜን ተራራ አልወጣም። ቆቡን ይዘው የሚቆሙት የእረኛ ልጆች ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። በጎንደርም ሸማኔው ወንድ ነው፤ ክር ከወንድ እጅ የራቀበት ዘመን አልነበረም። ፈረንጅነቱም ቢሆን አከራካሪ ነው። በሁለት መርፌ የተሠራ ሹራብ እስካሁን ከተገኘው ሁሉ ጥንታዊው የግብፅ ነው፣ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የሚቆጠር። ከዚያም ቀድሞ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግብፃውያን ነጠላ ጫማ እንዲያስገባ አውራ ጣቱ የተለየ የሱፍ ካልሲ ይሠሩ ነበር። እሱን ለረጅም ጊዜ ሹራብ ነው ሲሉት ቆይተው በኋላ በአንድ መርፌ እየተቋጠረ የሚሠራ ሌላ ዘዴ መሆኑ ታውቋል። ፈረንጅ ያመጣልን እንበል ካልንም፣ እሱ ራሱ የወሰደው ከዓባይ ዳር ሳይሆን አይቀርም።

«በፈላ ውሃ ካልታጠበ አይጠራም»

የበግ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና መታሸት ሦስቱ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የለም። ጓንቱ ይጠባል፣ ይደድራል። አንዳንዱ ይህን አስቦ ነው የሚያደርገው። መንዞች ተሸምኖ ያለቀውን ጨርቅ በእግር እየረገጡ የሚያጠብቁት ነፋስ እንዳያሳልፍ ነው። በአሜሪካ የሜይን ዓሣ አጥማጆችም ጓንታቸውን ከልኩ አስፍተው ያሠሩና ውሃ ውስጥ እያሹ ያጠቡት ነበር፤ በረዶማው ባሕር ላይ የሚሠሩበትም እንደረጠበ ነው።

ነገር ግን የተረገጠ ሱፍ አይለጠጥም። ለሸንተረሩ የጠፋው ክርና ጊዜ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሪብ ያለው ጓንት ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ሳይታሽ ይነከራል፣ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይወሰድለታል፣ ከዚያ ጥላ ሥር ሰፌድ ላይ ቅርጹን ይዞ ይሰጣል። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ እንደሆነ ውሃው ወደ ጣቶቹ ይወርድና በማግሥቱ ከባለቤቱ ጣት የረዘመ ጓንት ይገኛል።