በአሮጌ የዩኒክስ ዎርክስቴሽኖች የኮንሶል መልእክት የሚጠፋበትና የሚዘበራረቅበት ምክንያት

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ቤቶች ይሠራባቸው የነበሩት የዩኒክስ ዎርክስቴሽኖች አብዛኞቹ ዛሬ ከሥራ ወጥተዋል። ይሁን እንጂ በቤተ መዘክሮች፣ በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች እጅ፣ እንዲሁም ዕድሜ ከጠገቡ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ጋር ተያይዘው አሁንም የሚሠሩ አሉ። ከእነዚህ መኪናዎች በአንዱ ፊት የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ያጋጥመዋል። ወይ መስኮቶቹ በተሰለፉበት ስክሪን ላይ ማንም ያልጠራቸው ፊደላት በድንገት ይጻፉበታል፤ ወይም «ኮንሶል» ተብሎ የተከፈተው መስኮት ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል። ይህን ያየ ሰው መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ግን፣ በአብዛኛው የተበላሸ ዕቃ አለመኖሩን ነው። መኪናው ይናገራል፤ የጠፋው ንግግሩን እንዲቀበል የታዘዘው ማን እንደ ሆነ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

1ኛ/ ኮንሶል ምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪዎች፣ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲጀመር፣ ሰውና ኮምፒዩተር የሚነጋገሩት በቴሌታይፕ ነበር። ቴሌታይፕ ማለት በሽቦ የሚታዘዝ የጽሕፈት መኪና ነው። «ሞዴል 33» የተባለው በሰፊው የታወቀው ዐይነት በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ በጥቅል ወረቀት ላይ ይመታ ነበር። ዩኒክስ ዛሬም ተርሚናልን ሁሉ «ቲ-ቲ-ዋይ» ብሎ የሚጠራው ይህንኑ የቴሌታይፕ ስም አሳጥሮ ነው።

ከተርሚናሎቹ መካከል አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ሥራ ነበረው። ይኸውም ኮምፒዩተሩ ስለ ራሱ የሚናገረውን፣ ዲስኩ ሞላ፣ ቴፑ አልነበብ አለ የሚለውን ሁሉ ተቀብሎ መጻፍ ነው። ኮንሶል የተባለው ይኸው ነው። ለኮምፒዩተሩ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቃሉን የሚያወጣው ሌላ፣ ድምፁን የሚያሰማው እርሱ። ወረቀቱም ጥቅም ነበረው። ኮምፒዩተሩ ሌሊት ቢቆም፣ ኀላፊው በማግስቱ ወረቀቱን አንሥቶ የመጨረሻ ቃሉን ያነብ ነበርና። ከጊዜ በኋላ ግን ወረቀቱን ስክሪን ተካው። ዲጂታል የተባለው ኩባንያ በ1978 ያወጣው ቪ-ቲ 100 የተባለ ተርሚናል 24 መስመር፣ በየመስመሩም 80 ፊደል ያሳይ ነበር። ሃያ አምስተኛው መስመር ሲመጣ ፊተኛው ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል። እንግዲህ በዚህ ለውጥ ፍጥነት ተገኘ፤ መዝገብ ግን ቀረ።

ዩኒክስ መሣሪያን ሁሉ እንደ ፋይል ስለሚቈጥር፣ ኮንሶሉም «ዴቭ» በተባለው ማኅደር ውስጥ «ኮንሶል» የሚል ስም ያለው ፋይል ሆኖ ይታያል። እንደ ማናቸውም ፋይል ባለቤትና ፈቃድ አለው፤ ደግሞም አንድ ብቻ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝረው ችግር በአብዛኛው ከእነርሱ ይመነጫልና።

2ኛ/ ኮንሶሉ ወደ መስኮት የገባበት መንገድ

ዎርክስቴሽን የሚባለው ለአንድ ሰው የተመደበ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ኀይለኛ ኮምፒዩተር ነው። በ1982 የተቋቋመው ሰን ማይክሮሲስተምስ በዚህ ሥራ እጅግ የታወቀ ነበር፤ በ1989 ያወጣው ስፓርክስቴሽን 1 በተለመደው ስክሪኑ በወርዱ 1152፣ በቁመቱ 900 ነጥቦች ያሳይ ነበር። ታዲያ በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ለኮንሶል የተለየ ተርሚናል የለም። ያው አንዱ ስክሪን ኮንሶልም ነው፤ የመስኮቶች ሰሌዳም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከርነል የተባለው የሥርዐቱ እምብርት ስለ መስኮት የሚያውቀው ነገር የለም። መስኮቶቹን የሚሥል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ይህ ፕሮግራም በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው፣ 11ኛው እትሙም በ1987 የወጣው «ኤክስ» ነው። ከርነሉ ለኮንሶሉ መልእክት ሲኖረውና ሌላ ትእዛዝ ሳይሰጠው ሲቀር፣ ፊደላቱን በቀጥታ በስክሪኑ ነጥቦች ላይ ይጽፋል። ኤክስ ይህን አያይም። መስመሩ ግርጌ ሲደርስ ስክሪኑ በሞላ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ መስኮቶቹም ከቦታቸው የተነቀሉ ይመስላል። ፋይል አልጠፋም፤ ፕሮግራምም አልቆመም። የተበላሸው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ «ቲ-አይ-ኦ-ሲ-ኮንስ» የተባለ ለከርነሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ትርጓሜው «ከእንግዲህ ወዲያ ለኮንሶሉ የምትናገረውን ለእኔ አምጣልኝ» እንደ ማለት ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ፕሮግራም በአንድ ወገን እንደ ተርሚናል የሚታይ፣ በሌላው ወገን ግን በፕሮግራም የሚነበብ አስመሳይ ተርሚናል ይይዛል። የኮንሶሉ ቃል በዚያ በኩል ገብቶ በመስኮት ይታያል። «ኤክስኮንሶል» የተባለው ፕሮግራም፣ «ኤክስተርም» የተባለው የተርሚናል መስኮት «ሲ» የሚል ትልቅ ፊደል ተጨምሮበት ሲጠራ፣ በሰን የቀድሞ የመስኮት ሥርዐት ደግሞ «ኮማንድቱል» በዚሁ ፊደል ሲጠራ የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው።

3ኛ/ የችግሮቹ ዐይነትና መፍትሔያቸው

(ሀ) ፊደላት በሥዕሉ ላይ ሲጻፉ። ይህ የሚሆነው የኮንሶሉን ንግግር የሚቀበል መስኮት ሳይኖር ሲቀር ነው፤ ወይ ከመጀመሪያውም አልተከፈተም፣ ወይም አንድ ሰው ቦታ አጠበበኝ ብሎ ዘግቶታል። ለጊዜው «ኤክስሪፍሬሽ» የተባለውን ትእዛዝ መስጠት ይበቃል፤ እርሱም መስኮቶቹ ሁሉ እንደ ገና እንዲሣሉ ያደርጋል። ሥሩን ለማከም ግን የኮንሶሉን መስኮት መክፈት፣ ተጠቃሚው ሲገባ በሚነበበው የመክፈቻ ፋይል ውስጥም ከሌሎቹ መስኮቶች በፊት እንዲከፈት መጻፍ ያስፈልጋል።

(ለ) መስኮቱ ተከፍቶ ባዶ ሲሆን። ኤክስኮንሶል በዚህ ጊዜ ኮንሶሉን መክፈት አልቻልኩም የሚል አንድ መስመር ጽፎ ዝም ይላል። ምክንያቱ በአብዛኛው ባለቤትነት ነው። የኤክስተርም መመሪያ በግልጽ እንደሚለው፣ ተጠቃሚው የኮንሶሉ ፋይል ባለቤት መሆንና ለማንበብም ለመጻፍም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፋይሎችን በዝርዝር በሚያሳየው ትእዛዝ ባለቤቱን መመልከት ይቻላል። ባለቤቱ ዋናው አስተዳዳሪ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው። «ኤክስ-ዲ-ኤም» በተባለው የመግቢያ ፕሮግራም የሚገባ ተጠቃሚ እንደ ሆነ፣ «ጊቭኮንሶል» የተባለው አጭር ጽሑፍ ሲገባ ኮንሶሉን ለእርሱ ይሰጣል፤ «ቴክኮንሶል» የተባለው ደግሞ ሲወጣ መልሶ ይወስዳል። እነዚህ ጽሑፎች መኖራቸውንና መጠራታቸውን መመርመር ይገባል። ኮንሶሉን ለሁሉ ሰው ክፍት አድርጎ መገላገል ቀላል መስሎ ቢታይም፣ የማይገባበትን ምክንያት በ4ኛው ክፍል እንገልጻለን።

(ሐ) ሁለት መስኮቶች ሲከፈቱ። ኮንሶሉ አንድ ስለ ሆነ ተቀባዩም አንድ ነው። በአንዳንዱ ሥርዐት ኋላ የመጣው መስኮት ንግግሩን ከፊተኛው ይወስዳል፤ በሌላው ደግሞ ኋላ የመጣው «ተይዟል» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ መስኮት ዝም ካለ ሌላ የተከፈተ መኖር አለመኖሩን መፈለግ ነው።

(መ) ባለቤትነቱ ተስተካክሎ ሳለ መልእክት ሳይመጣ ሲቀር። በዚህ ጊዜ ችግሩ ከመስኮቱ ሳይሆን ከላኪው ሊሆን ይችላል። የፕሮግራሞችን መልእክት ተቀብሎ ለየቦታው የሚያከፋፍለው «ሲስሎግ» ነው፤ ይህንም ኤሪክ ኦልማን በ1980ዎቹ ለሴንድሜይል ሥራ የጻፈው ነው። የማከፋፈያው ደንብ በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ በግራ በኩል የመልእክቱ ዐይነትና ክብደት፣ በቀኝ በኩል የሚደርስበት ቦታ ይሰፍራል። በአሮጌዎቹ ሥርዐቶች ግራና ቀኙን የሚለየው ታብ እንጂ ተራ ክፍተት መሆን የለበትም። ዐይን ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ፕሮግራሙ ግን ይለያል፤ በተራ ክፍተት የተጻፈው መስመርም እንደሌለ ይቈጠራል። ፋይሉ ከታረመ በኋላ ሲስሎግ እንደ ገና እንዲያነበው ምልክት መስጠት አይረሳም።

(ሠ) የ(ለ)ንና የ(መ)ን ችግር ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ዋናው አስተዳዳሪ ሆኖ «ኤኮ» በተባለው ትእዛዝ አንድ ቃል በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ ፋይል መጻፍ፤ ቀጥሎም «ሎገር» በተባለው ትእዛዝ በስሕተት ደረጃ አንድ መልእክት በሲስሎግ በኩል መላክ ነው። ፊተኛው ታይቶ ኋለኛው ከቀረ ጥፋቱ የሲስሎግ ደንብ ነው። ሁለቱም ከቀሩ ጥፋቱ የመስኮቱ ወይም የባለቤትነቱ ነው። ሁለቱም ከታዩ መንገዱ ጤነኛ ነው፤ መኪናው የሚናገረው ነገር አልነበረውም ማለት ነው።

(ረ) ፊደላቱ ወደ እንግዳ ምልክት ሲለወጡ። ይህ ከኮንሶሉ ጋር ግንኙነት የሌለው ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ይምታታል። ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል በስህተት በተርሚናል መስኮት ላይ ቢፈስስ፣ በውስጡ ካሉት ምልክቶች አንዳንዶቹ ለተርሚናሉ ትእዛዝ ሆነው ፊደሉን በመስመር መሣያ ምልክት እንዲለውጥ ያደርጉታል። «ሪሴት» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የሚጻፈው ባይነበብም ትእዛዙ ይደርሳል። ጽሑፉ ጨርሶ የቆመ ከመሰለ ደግሞ የኮንትሮል ቁልፍ ከ«ኤስ» ጋር ሳይታወቅ ተነክቶ ይሆናል፤ ኮንትሮል ከ«ኪው» ጋር ይለቅቀዋል።

4ኛ/ ኮንሶሉ ለሁሉ ሰው ለምን አይከፈትም?

የኮንሶሉን ንግግር ወደ ራስ ማዞር ኀይል ያለው ነገር ነው። በመጀመሪያ ግን ይህ በሚገባ አልታሰበበትም ነበር። በታኅሣሥ ወር 1990 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው «ሰርት» የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ማእከል፣ በሰን ሥርዐት ላይ ይህ ጥያቄ ላልተፈቀደለት ተጠቃሚ ጭምር የኮንሶሉን መንገድ ለማዞር እንደሚያገለግል ገልጾ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ኩባንያውም ማረሚያ አዘጋጀ። በዛሬው ሊኑክስም ጥያቄው አለ፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለሌለው ግን አይፈቀድም። ስለዚህ ፈቃድ ጠፋ ብሎ ኮንሶሉን ለሁሉ መክፈት፣ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ነው።

5ኛ/ ዝም ማሰኘት ስለሚያመጣው ጉዳት

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን ሌላ ነው። መልእክቱ ሥራውን የሚያቋርጥበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መስማት ሳይሆን መገላገል ነው። መስኮቱን ያጥፋል፤ ወይም ከሲስሎግ ደንብ ውስጥ የኮንሶሉን መስመር ይሰርዛል። ሰላምም ያገኛል። ነገር ግን ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም። አንዱን ቦታ ማንበብ ሲያቅተው ይደግማል፤ ከርነሉም ይህንኑ በኮንሶሉ ይናገራል። ተጠቃሚው ፋይሉን እስካገኘ ድረስ ሌላ ምልክት አያይም። ያን መስመር ያነበበ ሰው ሥራውን ወደ ቴፕ ለመገልበጥ ጊዜ ያገኛል፤ ያላነበበው ግን የሚያውቀው የዓመት ውጤት ከዲስኩ ጋር ከጠፋ በኋላ ነው። የፋይል ቦታ ሞላ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ሰሚ ካጣ የላቦራቶሪው መለኪያ ሲለካ አድሮ ምንም ሳይጻፍ ሊነጋ ይችላል።

በሌላ በኩል መስኮቱ ብቻውን አይበቃም። በኤክስኮንሶል የታየው ጽሑፍ መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። «ዲ-መሴጅ» በተባለው ትእዛዝ የሚነበበው የከርነሉ ማስታወሻም መጠኑ የተወሰነ ስለ ሆነ አዲሱ አሮጌውን ይሽረዋል። ስለዚህ ያው መልእክት ወደ ኮንሶሉም ወደ መዝገብ ፋይልም እንዲሄድ በሲስሎግ ደንብ ውስጥ ማዘዝ ይገባል። በሰን ሥርዐት ይህ መዝገብ «ቫር» በተባለው ማኅደር ሥር፣ በ«አድም» ውስጥ «መሴጅስ» በሚል ስም ይገኛል። የቴሌታይፑ ወረቀት ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው እርሱ ነው።

እንግዲህ ለማጠቃለል፣ በአሮጌ ዎርክስቴሽን ላይ የኮንሶል ችግር የገጠመው ሰው መኪናውን ከመፍታቱ በፊት አራት ነገሮችን በተራ ይጠይቅ። ንግግሩን የሚቀበል መስኮት አለን? የኮንሶሉ ባለቤት ማን ነው? ከዚህ መስኮት ሌላ የያዘው አለን? ሲስሎግስ ወደ ኮንሶሉ ይልካልን? ከእነዚህ በአንዱ መልሱን ያገኛል ብለን እናምናለን። እኛ የተመለከትነው በተለይ የሰንን ሥርዐትና የኤክስን መስኮት ስለ ሆነ፣ በሌሎች ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ የሠሩ መምህራንና ተማሪዎች ጓደኞቻችን የጐደለውን በሚመጣው እትም ቢጨምሩልን ደስ ይለናል።