የደረት ዙሪያና የቅርጫ ሥጋ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ ስሟንም ከበዓለ ሆሳዕና የወረሰችው የሀድያ ከተማ፣ ከጎረቤቶቿ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ ጋር፣ መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ታነሣለች፤ ይኸውም በገበያ መካከል ቆሞ የሚያመነዥገው ሰንጋ፣ ታርዶ ቆዳው ሲገፈፍና ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ለቅርጫ ማኅበርተኞች ምን ያህል ሥጋ ይተርፋቸዋል የሚለው ነው። ሀድያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ለማክበር ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀመ ማኅበር በሬውን የሚገዛው በዓይን ግምት ነውና፣ ግምቱ የሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱ በየድሃው ጓዳ ይገባል።

የከብት አዋቂ ሽማግሌ ሻኛውን ጨብጦ፣ ጎድኑን ዳስሶ፣ የጅራቱን ሥር ጫን አድርጎ የሚሰጠው ፍርድ በብዙ ዘመን ልምድ የተፈተነ ስለ ሆነ ከልብ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ፣ የእንሰት ቅጠልም ጠግቦ ሆዱ የተነፋ በሬ ያን የመሰለውን ዓይን እንኳ ያስታል።

ስለዚህ የእንስሳት ሊቃውንት መስፈርቱን ከሜትር ገመድ ፈለጉ። ከፊት እግሮች ኋላ የተለካው የደረት ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ ዳግመኛም ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ባለው ርዝመት ተባዝቶ፣ ሁሉም በሴንቲ ሜትር ሆኖ ለ10,840 ሲካፈል፣ የቁም ክብደቱን በኪሎ ይሰጣል። ምሥጢሩ የከብት አካል እንደ ዛፍ ግንድ ድቡልቡል መሆኑ ነው፤ አካፋዩም ለግንዱ ብቻ ከሚያስፈልገው ያነሰው፣ ራስና አንገት እግርም አብረው እንዲቈጠሩ ነው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 የሆነ በሬ 270 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ገመዱ ላልቶ 153 ቢያሳይ ግን ሒሳቡ 11 ኪሎ ያህል ይጨምራልና፣ ለኪው ከብቱን በደልዳላ መሬት፣ በአራት እግሩ አስተካክሎ ማቆም ይገባዋል።

የቁም ክብደት ግን ገና ሥጋ አይደለም። ከታረደ በኋላ ከነአጥንቱ የሚቀረው በአገራችን ከብት ከግማሹ እምብዛም አይርቅም፤ እርሱም በዕድሜና በድልብነት ይለያያል፤ በእድገት ጊዜ አጥንት ይቀድማል፣ ሥጋ ይከተላል፣ ጮማ በመጨረሻ ይመጣልና፣ ለጎልማሳ በሬ የተገኘው ቀመር ለጥጃ አይስማማም። ለማዳ የውሃ ጎሽ በሚረባባቸው በህንድ፣ በፓኪስታን፣ በግብፅና በኢጣልያም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል፤ የጎሽ ጥጃ ቆዳው ወፍራም፣ ራሱም ከባድ ስለ ሆነ፣ የላም ጥጃ ቀመር ሥጋውን አብዝቶ ይገምታል። የእኛ ጎሽ የዱር ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሰንጋችን ይበጃል፤ እያንዳንዱ ዘር የራሱን ቀመር ይሻልና።

ለዚህ ደግሞ ከሆሳዕናና ከዱራሜ የተሻለ ስፍራ አላውቅም፤ በአንድ ሰሞን፣ በየሰፈሩ፣ ብዙ ሰንጋ ይታረዳል። በዋዜማው የእያንዳንዱን ደረትና ርዝመት የሚለካ አንድ ወጣት፣ በማግሥቱም ሥጋው ወደ መደብ ሳይከፈል በፊት ሚዛን ላይ የሚያኖር ሌላ ወጣት ቢገኝ፣ ለአገሩ በሬ የሚስማማው አካፋይ ከዚያው ከቅርጫው ቅጠል ላይ ይነበባል።