ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም

ሰላም ስዩም ወልደማርያም የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ድምፅ ከቀረጹ አንጋፋ ጊታሪስቶች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባው ራስ ሆቴል ይጫወት በነበረው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ከእሱ በተፈጠረው ሮሃ ባንድ ውስጥ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ጋር አብሮ ሠርቷል።

አይቤክስ ከድምፃዊው ማህሙድ አህመድ ጋር በ1975 የቀዳው «ኧረ መላ መላ» የተሰኘ ዘፈን በ1986 በቤልጂየም በወጣ አልበም አማካይነት ከኢትዮጵያ ውጪ ብዙ አድማጭ አገኘ። ሮሃ ባንድ ደግሞ በካሴት ዘመን በርካታ ታዋቂ ድምፃውያንን አጅቧል።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ዋነኞቹ ናቸው። አዝማሪ በማሲንቆ፣ ዘፋኝ በክራር የሚያሰማቸውን እነዚህን ቅኝቶች የዘመኑ ባንዶች በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በኦርጋንና በሳክስፎን ተጫወቷቸው፤ ከሶል፣ ከፈንክና ከጃዝ ምት ጋርም አዋሃዷቸው።

ሰላም ተመራማሪም ነው። በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲያጠና የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 1974 ያለፈበትን ጉዞ በጽሑፍ አቅርቧል። ይህ ሥራው ለዘርፉ አጥኚዎች ጠቃሚ ምንጭ ሆኗል።