የከሚሴ እንደራሴ፥ ሠራዊትና ዩኒቨርሲቲ

በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያንፁ የነበሩት ሰዎች በአንድ እጃቸው ሥራውን፥ በሁለተኛው እጃቸው የጦር መሣሪያቸውን ይዘው እንደ ነበረ ሊቃውንት ያውቁታል። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ የሚመስል ሥራ ሠርቷል፤ ይኸውም የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100 እና የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው መጽደቃቸው ነው። ሁለቱም የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ስለ ሆኑ የሚመከርባቸው በአዲስ አበባ ነው፤ ፍሬያቸው ግን፥ መልካምም ቢሆን ክፉ፥ በየአውራጃው ይታያል። ከሩቅ ወረዳ የተመረጠ እንደራሴ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ምን ሊናገር ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ከከሚሴ የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ ቦርከና ከሚያጠጣው ከጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ደዋ ጨፋ፥ አርጡማ ፉርሲ፥ ጅሌ ጥሙጋ፥ ደዌ ሐረዋና ባቲ በዚሁ አስተዳደር ሥር ናቸው። ጎዳናው ሠራዊት ሲመላለስበት የኖረ ነው። በ1928 ዓ.ም. በኅዳር ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ደግሞ የጣልያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ገሠገሠና በ27ኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው የጦርን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የተማረው አይደለም።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ስለ ጦር የሚናገርለት የመረጠው እንደራሴ አልነበረውም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈረመው ሕገ መንግሥት፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንቱና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ተደንግጎ ነበር፤ ጦርነት ማወጅና የሠራዊቱን መጠን መወሰንም የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበር። የዚያን ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ አገር የመድፈኛነትን ትምህርት የተማሩ ሰው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ የጦር ትምህርትና የሕግ እውቀት በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ነበርና። ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባሎች በራሱ ድምፅ መምረጥ የጀመረው የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፥ በ1950 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተቋቋመም ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሠራዊቱም ዩኒቨርሲቲውም ከሕዝብ እንደራሴ ቀድመው ተወለዱ ማለት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ሥርዓት ለወጠው። በአንቀጽ 55 የመከላከያን አደረጃጀት የሚወስነው፥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሕግ መሠረትም የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 87 የሠራዊቱ አባላት የብሔሮችን፥ የብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲይዙ፥ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፥ ሠራዊቱም ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ እንዲሆን ተጽፏል። አንቀጽ 54 ደግሞ እንደራሴው የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ካለ በኋላ ተገዥነቱ ለሦስት ነገሮች መሆኑን ይወስናል፤ ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው። በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው አስተያየትና ድምፅ ምክንያት አይከሰስም። ይህን ያህል ዋስትና የተሰጠው ሰው ተነሥቶ የቀረበውን ሁሉ አመስግኖ ቢቀመጥ ዋስትናው ለምን እንደ ተሰጠው አላስተዋለም ያሰኛል።

በምክር ቤቱ ታሪክ አለመስማማት የታየባቸው ቀኖች አሉ። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ከሶማልያ በኩል መጣ ስለ ተባለው አደጋ መንግሥት አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ የሚፈቅድ ውሳኔ ሲቀርብ የተቃወሙ እንደራሴዎች ነበሩ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከተወሰነለት ስድስት ወር በፊት ይነሣ ሲባልም ድምፃቸውን በተቃውሞ የሰጡ ተገኝተዋል። ማን ትክክል ነበረ የሚለው ነገር ቢያከራክርም፥ ክርክሩ በቃለ ጉባኤ መስፈሩ ራሱ ለአገር ጥቅም ነው።

ያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለከሚሴ ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው አልቋል፤ የአጣዬ ከተማም ተቃጥላለች። የሞቱትም አማሮችም ኦሮሞዎችም ነበሩ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሰሜን ወርዶ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ ከሚሴም በታጣቂዎች እጅ ገባች። አዋጁ የታወጀው ጥቅምት 23 ቀን ነው፤ ምክር ቤቱም ከሁለት ቀን በኋላ አጸደቀው። እንደራሴዎቹ እጃቸውን ባነሡበት ሰዓት የከሚሴ መራጮች ከመንግሥቱ ሠራዊት ጥበቃ ውጭ ነበሩ፤ የፌዴራሉ ጦር ወደ ከተማይቱ የተመለሰው በኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚህ አገር የተመረጠ እንደራሴ የመከላከያ በጀት ሲቀርብ የሚጠይቀው ጥያቄ ከሌላው እንደራሴ ጥያቄ ይለያል። ጎዳናውን የሚጠብቀው ማን ነው? የአንቀጽ 87 ተዋጽኦ በመኮንኖቹ ማዕረግ እስከምን ድረስ ተፈጽሟል? ሁለት ሕዝቦች በተጋጩበት ስፍራ የሚሰፍረው ወታደር በሁለቱም ወገን ዘንድ የሚታመነው በምን ምክንያት ነው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በአዲስ አበባ የተወለደ እንደራሴ ሊያስበው ይችል ይሆናል፤ የከሚሴው ግን ሳይጠይቀው ቢቀር መራጮቹ ይጠይቁታል። በሕገ መንግሥቱም መሠረት እምነት ያጡበት መራጮች ከወንበሩ ሊያነሡት ሥልጣን አላቸው።

ጦርነቱ የትምህርቱንም ነገር ነክቷል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎቹ በደሴና በኮምቦልቻ ናቸው። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ቤተ ሙከራዎቹና ዕቃዎቹ ተዘርፈዋል፥ ተሰባብረዋልም። ለከሚሴ ልጅ የቅርብ የሆነው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ሠራዊቱ ያልጠበቀው ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚሆን በዚህ ስለ ታየ፥ ሁለቱን በጀት ለየብቻ አድርጎ መናገር ለዚህ አገር እንደራሴ አይመቸውም።

የከሚሴ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድበት መንገድ የቋንቋም መንገድ ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ፥ በላቲን ፊደል ይጀምራል፤ የክልሉንና የፌዴራሉን መንግሥት ደብዳቤ ለማንበብ አማርኛን መማር ግድ ይሆንበታል፤ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሦስት ቋንቋ ማወቅ ሀብት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን መምህርና መጽሐፍ ሳይሟላ ሲቀር ሀብቱ ሸክም ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲገለጽ፥ በመላው አገር ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ስለ ከፍተኛ ትምህርት የሚናገር እንደራሴ ከዚህ ቁጥር ቢጀምር ወደ ታች፥ ወደ አንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት መውረዱ አይቀርም፤ በእርግጥም የአዋጅ ቁጥር 1152 ሥራ መልካም የሚሆነው ወይም የሚበላሸው በዚያ ነው። የሕይወት ሳይንስ መምህር የነበሩትና በሽግግሩ ዘመን በትምህርት ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት ያገለገሉት ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ በምክር ቤቱ ሲቀመጡ እንደ ታየው፥ የማስተማርን ችግር በራሱ ሥራ የሚያውቅ ሰው በእንደራሴነት መገኘቱ ለክርክሩ ትልቅ ጥቅም አለው። ሁሉም መምህር ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም ግን ከመምህራኑ ሊጠይቅ ይችላል።

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ቀን ሲሆን፥ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። የክረምቱ ዕረፍት የሚመጣው የጨፋ ሜዳ ውኃ በሚተኛበት ወራት ነው። በበጋ ግን ከአፋር ቆላ የሚወጡት አርብቶ አደሮችና የአካባቢው ሰዎች ከብቶቻቸውን አሰማርተው በሣርና በውኃ ይገናኛሉ፤ ጠቡም ዕርቁም የሚጀመረው በዚያው ላይ ነው። እንደራሴው ከሽማግሌዎች፥ ከሼኮቹና ከካህናቱ፥ ከመምህራኑም ጋር ተቀምጦ ስለ ጸጥታና ስለ ትምህርት የሚሰማው ቃል ካለ በዓመቱ መካከል ያለችውን ያችን አንድ ወር በከሚሴ ቢያሳልፋት፥ የበጀቱ ረቂቅ በሰኔ ሲቀርብ የሚያነሣውን ጥያቄ ጽፎ ይመለሳል።