ሐዲዱ በሚኤሶ፣ መኪናው በጭሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ሚኤሶ ሲደርስ ሐዲድና አስፋልት ይለያዩበታል። አስፋልቱ የጨርጨርን ተራሮች ተያይዞ ጭሮን (አሰበ ተፈሪን)፣ ሂርናን እያለ ወደ ቁሉቢ ይወጣል። ሐዲዱ ቆላውን አይለቅም፤ በአፍደም አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል።

ያለያያቸው ሰበቃ ነው።

የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው መቋቋም እጅግ ትንሽ ነው። 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር ሜዳ ላይ እንዳይቆም 2 ቶን ያህል ጉተታ ይበቃዋል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከፍ ካለ ግን 20 ቶን ይጨመርበታል። ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከመው ጎማውና ሐዲዱ የሚነካኩባት፣ ከሳንቲም ብዙ የማትበልጥ ቦታ ናት። ደረቅ ብረት ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ይይዛል፤ እርጥበትና ቅባት ሲነካው ወደ አንድ አሥረኛ ሊወርድ ይችላል። 120 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ቢሆን በደረቁ ይወጣል፤ በዝናብ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ሎኮሞቲቮች አሸዋ ይዘው ከጎማው ፊት የሚረጩት ለዚህ ነው።

የቀድሞው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1902 ከግርጌው ቆመ፤ ድሬዳዋም እዚያው ተቆረቆረች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ቆላውን መረጠ።

  

የላስቲክ ጎማ አስፋልትን ከብረት በእጥፍ አጥብቆ ይይዛል፤ ጭሮን የከባድ መኪና ከተማ ያደረጋትም ይኸው ነው። ጭንቁ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጭሮ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር፣ ሚኤሶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ይህን 500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ500 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ ከረገጠ አብዛኛው ሙቀት ሸራውና ታምቡሩ ላይ ያርፋል። ከልክ በላይ የጋለ ሸራ መያዝ ይተዋል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሹፌር የሙቀቱን ድርሻ ለሞተሩ ያካፍላል። ፍሪ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚሞክር ግን ሁሉንም ለፍሬኑ ይተወዋል፤ ይህ በፍጹም ሊደረግ አይገባም።

ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብም ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተለውሶ መንገዱን ያሟልጫል፤ ዝናቡ በርትቶ እስኪያጥበውም እንደዚያው ይቆያል።