እንቁላል በጥሬው ወይስ በስሎ? ስለ ምግብነት ዋጋው የቀረበ ገለጻ

(በደሴ ፒያሳ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪ ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የተነሣው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከመንገዳችን ነው። ከጂም የሚወጣው ወጣት ጡንቻ እንዲሠራለት ሦስት አራት እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ ሰብሮ ይጠጣል። ድምፁ የተዘጋበት ሰው ጉሮሮውን እንዲከፍትለት በጥሬው ይውጠዋል። ከሕመም ለሚያገግም ሰው ደግሞ ከወተት ጋር ተመትቶ ይሰጠዋል። ሦስቱንም አንድ እምነት ያገናኛቸዋል፤ እሳት የነካው ምግብ ኃይሉን ያጣል የሚል። እምነቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም። ጎመንና ቃሪያ ብዙ ሲበስሉ በእርግጥ ቫይታሚን ሲ ያጣሉ። እንቁላል ግን ቀድሞውንም ቫይታሚን ሲ የለውም፤ የእርሱ ዋና ሀብት ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲንና እሳት ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝምድና አላቸው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው። እንቁላልን ማብሰል ከበሽታ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ምግብነቱን ለሰውነት የሚከፍት ሥራ ነው። ጥሬውን መጠጣት ይበልጥ የሚጎዳውም ጥሬ እንቁላል እንደ መድኃኒት የሚሰጠውን ያንኑ ደካማ ሰው ነው።

እንቁላል የተሠራው ለማን ነው?

ቅርፊቱ የተነሣ 50 ግራም የሚመዝን አንድ ትልቅ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 5 ግራም ቅባት፣ በግምት 70 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ቢ 12 እና ለአንጎል እድገት የሚያስፈልገው ኮሊን በብዛት ያሉት በአስኳሉ ውስጥ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጅ እንቁላል ስለሚያንስ ፕሮቲኑም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ከ4 እስከ 5 ግራም ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ይህ ሁሉ ስንቅ የተከማቸው ግን ለእኛ አይደለም፤ ለጫጩቱ ነው። ጫጩቱ በቅርፊቱ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ የሰባ ስንቅ ባክቴሪያ እንዳይዘርፈው ጥበቃ ያስፈልገዋል። ጠባቂዎቹ የተሰለፉት በነጩ ውስጥ ነው። ላይሶዛይም የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳል። ኦቮትራንስፈሪን ብረትን አጥብቆ ይዞ ባክቴሪያ እንዳያገኘው ያደርጋል። አቪዲን ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ጨብጦ አይለቅም። ኦቮሙኮይድና ጓደኞቹ ደግሞ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ያስራሉ። ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ ትሪፕሲን ነው፤ ትሪፕሲን የእኛም አንጀት ዋና ፕሮቲን ቆራጭ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይገለጣል። ለነጩ ጠባቂዎች የሰው አንጀትና ባክቴሪያ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የጫጩቱን ስንቅ ሊወስዱ የመጡ ሌቦች ናቸው። ጥሬ እንቁላል የሚጠጣ ሰው ስንቁን ከነዘበኞቹ ይውጣል።

ሙቀት ምን ይሠራል?

ፕሮቲን ረጅም ክር ነው። በጥሬ እንቁላል ውስጥ ክሩ እንደ ፈታይ ልቃቂት ተጠምጥሞ ጥብቅ ብሏል። የጨጓራና የአንጀት ኢንዛይሞች ክሩን ለመቁረጥ መቁረጫ ስፍራውን ማግኘት አለባቸው፤ አብዛኛው ስፍራ ግን በልቃቂቱ ሆድ ውስጥ ተደብቋል። ሙቀት ልቃቂቱን ይተረትረዋል። ነጩ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ባለው መካከል ይረጋል። ዓይናችን የሚያየው ነጭነትና ጥንካሬ የተተረተሩት ክሮች እርስ በርስ ሲያያዙ የሚፈጥሩት ነው። በዚያው ሙቀት አብዛኞቹ ጠባቂዎች ትጥቃቸውን ይፈታሉ። ከመካከላቸው ኦቮሙኮይድ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ አቪዲን ግን በደንብ በበሰለ እንቁላል ውስጥ ባዮቲንን የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ልዩነቱ በቁጥር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የቤልጂግ ተመራማሪዎች የትንሹ አንጀታቸው ጫፍ በቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ለተከፈተ አምስት ሰዎች አንድ ጊዜ ጥሬ፣ አንድ ጊዜ የበሰለ እንቁላል ሰጡ። በሁለቱም ጊዜ የፕሮቲኑ መጠን 25 ግራም ነበር። ከትንሹ አንጀት ሳይፈጭ የወጣውን ሰብስበው ሲለኩ ከበሰለው እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ገደማ፣ ከጥሬው 51 በመቶ ገደማ መፈጨቱን አገኙ። በማግስቱ ዓመት በጤናማ በጎ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ከበሰለው ሳይፈጭ ያለፈው 6 በመቶ ገደማ፣ ከጥሬው 35 በመቶ ገደማ ሆነ። ሁለቱ ጥናቶች በመጠን ቢለያዩም አቅጣጫቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ስሌት ከሄድን ሁለት ጥሬ እንቁላሎች ለሰውነት የሚያደርሱት ፕሮቲን ከአንድ የበሰለ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ቀሪው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ የባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል።

አቪዲንም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1927 ማርጋሬት ቦአስ የተባለች ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ጥሬውን የደረቀ የእንቁላል ነጭ የተመገቡ አይጦች ቆዳቸው ሲታመምና ጸጉራቸው ሲረግፍ ተመለከተች። በ1942 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከዕለት ካሎሪያቸው 30 በመቶ ያህሉን ከጥሬ የእንቁላል ነጭ እንዲያገኙ ተደረገ። ከሳምንታት በኋላ ቆዳቸው ተሰነጣጠቀ፣ ድካምና የጡንቻ ሕመም ተሰማቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ፤ ባዮቲን ሲሰጣቸው ዳኑ። አልፎ አልፎ አንድ ጥሬ እንቁላል የሚጠጣ ሰው እዚህ አይደርስም። ለወራት በየቀኑ ብዙ ጥሬ ነጭ የሚጠጣ ሰው ግን በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ስለ ጡንቻ የሚነሣው ክርክር

ወጣቶቻችን አንድ ተቃራኒ ማስረጃ ሊያቀርቡልኝ ይችላሉ፤ ልሸሽገውም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔዘርላንድ ማስትሪክት በታተመ ጥናት ጤናማ ወጣት ወንዶች ክብደት ካነሡ በኋላ ከፊሎቹ አምስት ጥሬ፣ ከፊሎቹ አምስት የተቀቀለ እንቁላል ተመገቡ። በደማቸው የታየው የአሚኖ አሲድ ጭማሪ የተቀቀለውን በበሉት ላይ ከፍ ያለ ነበር። በጡንቻ ግንባታ ፍጥነት ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

እኔ ጥናቱን የምረዳው እንዲህ ነው። አምስት እንቁላል ወደ 30 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ከዚህ ላይ የተወሰነው ቢባክንም ለጤናማ ወጣት የሚተርፈው ይበቃው ይሆናል፤ የሞላ ጎተራ ቢያፈስስ ወዲያው አይታወቅም። ስለዚህ ጥናቱ ጥሬው ከበሰለው ይበልጣል አላለም፤ ቢበዛ አምስት እንቁላል የሚበላ ሰው ኪሳራውን ላያየው ይችላል ይላል። በቀን አንዲት እንቁላል ለምታገኝ ሕፃን ግን ግማሹ መባከኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሳልሞኔላ

ሁለተኛው ጉዳይ በሽታ ነው። ሳልሞኔላ ሲባል ብዙዎቻችን ታይፎይድን እናስባለን። የታይፎይድ ባክቴሪያ የሚኖረው በሰው ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚተላለፈውም በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። በእንቁላል የሚመጣው የሳልሞኔላ ዓይነት ሌላ ነው። ኢንተሪቲዲስ የሚባለው ዝርያ የዶሮይቱን የእንቁላል ማፍሪያ አካል ስለሚይዝ ቅርፊቱ ሳይነቃና ሳይቆሽሽ አስቀድሞ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እንቁላሉን ማጠብ አያድነንም። ውኃ ውስጥ ጨምሮ መሞከርም እንዲሁ ነው፤ መንሳፈፍ ማርጀቱን እንጂ ባክቴሪያ መያዝ አለመያዙን አይነግረንም።

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ግምት ከ20,000 እንቁላል አንዱ ይህን ባክቴሪያ እንደሚይዝ አመልክቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዶሮው ቤት እስከ ገበታ በቅዝቃዜ ስለሚጓዝ እንቁላል የተነገረ ነው። ጃፓኖች ጥሬ እንቁላል በትኩስ ሩዝ ላይ ሰብረው ይበላሉ፤ እንቁላላቸው ግን ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ በጥሬው የሚበላበት የመጨረሻ ቀን ተጽፎበት ይሸጣል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2017 የምግብ ደረጃዎች ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ሳይቀር ጥሬውን ወይም ለስላሳውን ቢበሉ ችግር የለውም ያለው የአንበሳ ምልክት ለታተመበት እንቁላል ብቻ ነው። ከምልክቱ በስተጀርባ የተከተቡ ዶሮዎች አሉ።

የእኛ እንቁላል መንገዱ ሌላ ነው። በገጠር አንዲት እናት ዶሮዋ የምትጥለውን በቀናት ውስጥ አጠራቅማ ለገበያ ታወርዳለች። ከእርሷ ነጋዴው ይረከባል፤ ከነጋዴው የፒያሳ ሱቅ ይቀበላል። መቼ እንደተጣለ የሚናገር ቀን ቅርፊቱ ላይ የለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ገዢ ሲቀንስ ቆይታው ሊረዝም ይችላል። ቆይታውና ሙቀቱ በጨመሩ ቁጥር የአስኳሉ ስስ ሽፋን እየላላ ይሄዳል፤ በውስጡ የነበረው ብረትና ሌላው ምግብ ወደ ነጩ ይሰርጋል። ያን ጊዜ ኦቮትራንስፈሪን በብረት ላይ የጣለው ቁጥጥር ይላላል፤ ባክቴሪያው በፍጥነት ይራባል። ለዚህም ነው ጠባቂዎቹን ተማምኖ ያረጀ እንቁላል በጥሬው መጠጣት የማይገባው።

በበሽታው የሚያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ቁርጠት ተሰምቶት በሳምንት ውስጥ ይድናል። በሽታው የሚከብደው በሕፃናት፣ በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ነው። ይህን ዝርዝር ጥሬ እንቁላል በወተት ከሚመታላቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር አስተያዩት። አንድ ነው።

በደሴ ስንት ደቂቃ?

እንቁላል ወጡም ሆነ አስኳሉ እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ሳልሞኔላው ይሞታል። ይሁንና ከውጭ አገር የማብሰያ መጽሐፍ የምንወስደው ደቂቃ ለእኛ አይሠራም። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ በጦሳ ግርጌ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ውኃውም በ94 ገደማ ይፈላል። ሁለቱም ሙቀቶች ባክቴሪያውን ለመግደል ከበቂ በላይ ናቸው፤ ወደ አስኳሉ መሐል ለመድረስ ግን ጊዜ ይወስዳሉ። በባሕር ጠለል 10 ደቂቃ የሚበቃው እንቁላል ኮምቦልቻ 12፣ ደሴ 13 ደቂቃ ያህል ቢቀቀል ተመሳሳይ ብስለት ያገኛል። ደቂቃውም የሚቆጠረው ውኃው ከፈላ በኋላ ነው።

ማብሰል ሲበዛም ኪሳራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዴንማርክ በተደረገ ጥናት የተቀቀለና የተጠበሰ እንቁላል ከቫይታሚን ዲው ከ80 በመቶ በላይ ይዞ ሲቆይ፣ ለ40 ደቂቃ በምድጃ የተጋገረው ግን ከግማሽ በላይ አጥቷል። ስለዚህ ነጩና አስኳሉ እንደረጉ ማውጣት ይበቃል። በቆየ ቅቅል አስኳል ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ቀለበት የብረትና የድኝ ውሁድ ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ውኃው ላይ አለቅጥ መቆየቱን ብቻ ይነግረናል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ አገራዊው አኃዝ 38 በመቶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም በ2022 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማስቀረት የተገባ ነው። እንቁላል በዚህ ትግል ውስጥ ቦታ አለው። በኢኳዶር ለስድስት ወራት በቀን አንድ እንቁላል የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቧል። በማላዊ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ግን ያን ውጤት አላሳየም። እንቁላል ብቻውን ተአምር አይሠራም ማለት ነው፤ ንጹሕ ውኃና የተሟላ ምግብ አብረውት መሄድ አለባቸው።

የኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ጫጩት ሲያሠራጩ ሥራቸው የእንቁላሉን ቁጥር ማብዛት ነው። የእኛ ድርሻ ደግሞ ገበታ ላይ የደረሰው እንቁላል እንዳይባክን ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ድስት፣ ውኃ፣ ከሰል ወይም ኤሌክትሪክ እና 13 ደቂቃ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ወደ የቤታችሁ ስትመለሱ ለሚያገግም ዘመዳችሁ ጥሬ እንቁላል ሲመታ ብታዩ፣ አሳቢውን ሰው አትገሥጹት፤ ፍቅሩ ትክክል ነው። እንቁላሉን ተቀብላችሁ ቀቅሉለት፤ ምክንያቱንም አስረዱት።